ራስ ያዞረው ትያትር እና በር ላይ የቀረው ትያትር

ለንደን ውስጥ ተመልካች ወንበሩ ላይ ተዝለፈለፈ ከተባለ ወሬው ከትያትሩ ቀድሞ ይደርሳል። በ2024 አልሜይዳ በተባለው ትያትር ቤት ተጀምሮ በ2025 መጀመሪያ ወደ ዌስት ኤንድ (ታላላቆቹ የንግድ ትያትር ቤቶች ወዳሉበት የለንደን ሰፈር) የተሻገረው «ዘ ይርስ» የገጠመው ይኸው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ተውኔቱ ፈረንሳዊቷ አኒ ኤርኖ ከጻፈችው መጽሐፍ የተወሰደ ነው። አምስት ተዋንያን አንዲትን ሴት ከልጅነት እስከ እርጅና እየተቀባበሉ ይጫወቷታል። አንድ ቦታ ላይ ወጣቷ፣ ፅንስ ማቋረጥ ወንጀል በነበረበት በ1960ዎቹ ፈረንሳይ፣ በድብቅ ያሳለፈችውን ትናገራለች። እዚያ ላይ ሰው ይወድቃል። የአዳራሹ መብራት ይበራል፣ ትያትሩ ይቆማል፣ የወደቀው ሰው ተደግፎ ይወጣል። ከዚያ ይቀጥላል።

ጋዜጦቹ የወደቀውን ሰው ሲቆጥሩ ከረሙ። አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው ተብሎም ተወራ። የሚገርመው መድረኩ ላይ የሚታየው ያን ያህል አይደለም። ደም አለ፤ ግን የሚያዞረው ከደሙ ይልቅ ወጣቷን ሆና የምትጫወተው የሮሞላ ጋራይ አንደበት ነው፣ አንዱንም ዝርዝር ሳትዘል መናገሯ። ጋራይ በዚህ ሥራ በ2025 የብሪታንያን ትልቁን የትያትር ሽልማት፣ ኦሊቪየርን፣ ወሰደች፣ አዘጋጇ ኤሊነ አርቦም እንዲሁ። ሰው የወደቀበት ትያትር ተሸለመ፣ ትኬቱም ተቸበቸበ። ማንም ዝጉት አላለም።

አሁን ወደ ማንቸስተር እንሂድ። በ2024 መስከረም ሮያል ኤክስቼንጅ የተባለው ትልቅ ትያትር ቤት የሼክስፒርን «ሚድሰመር ናይትስ ድሪም» ሊያሳይ ነበር። የፍቅርና የቅዠት ኮሜዲ ነው፣ አንድ ሰውዬ የአህያ ጭንቅላት የሚያበቅልበት። መጀመሪያ በጉዳትና በቴክኒክ ችግር የተወሰኑ ቀናት ተሰረዙ። ከዚያ ጭራሽ ሁሉም ተሰረዘ። ብዙ ሳይቆይ ጋዜጦች ጉዳዩ ስለ ጋዛና ስለ ትራንስ ሰዎች መብት በዝግጅቱ ውስጥ የተካተቱ ነገሮች ላይ የተነሳ ውዝግብ እንደነበረበት ዘገቡ። እዚህ ማንም አልወደቀም። ማንም አላየውማ።

ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ነው ተመልካችን የሚጋፈጠው ትያትር? ብሪታንያ «ፊት ለፊት የሚያፈጥ» ትያትር አገር ናት ሲባል ሰው የሚያስበው ስለ ደም፣ ስለ እርቃን፣ ስለ ስድብ ነው። እኔ ግን እነዚህ ከቀለሉ ቆዩ ባይ ነኝ። እንዲያውም ደሙ ብዙ ጊዜ ለተመልካቹም ለጋዜጣውም ማምለጫ ሆኖ ነው ያገለገለው፤ ስለ ደሙ እየተጮኸ ተውኔቱ ያቀረበው ክስ ሳይሰማ ያልፋል። ክሱ ያለ ደም፣ በስም፣ አጠገብ ወዳለ ሰው የተወረወረ ጊዜ ግን ትያትሩ መድረክ ላይ አይደርስም።

ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ፣ በፍጥነት። በ1737 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሮበርት ዋልፖል መድረክ ላይ መቀለጃ መሆን ሰለቻቸውና ሕግ አወጡ። አዲስ ተውኔት ሁሉ ከመታየቱ በፊት ሎርድ ቻምበርሌን ለተባለው የቤተ መንግሥት ሹም መቅረብ ነበረበት። እሱ ካልፈቀደ የለም። ይህ ሳንሱር የቆየው እስከ 1968 ነው። ቢትልሶች ዓለምን ሲያሳብዱ እንኳን የለንደን ጸሐፌ ተውኔት ጽሑፉን ለቤተ መንግሥት እየላከ ነበር ማለት ነው። በ1965 ኤድዋርድ ቦንድ «ሴቭድ» የሚል ተውኔት ጻፈ። ደቡብ ለንደን መናፈሻ ውስጥ ሥራ ፈት ጎረምሶች ጋሪ ውስጥ የተኛ ሕፃን በድንጋይ ወግረው ይገድላሉ። ሹሙ ቁረጥ አለ፣ ቦንድ አልቆርጥም አለ። ሮያል ኮርት ትያትር ቤት «እኛ የአባላት ክበብ ነን» ብሎ አሳየው፣ ተከሶም ጥፋተኛ ተባለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሕጉ ራሱ ተሻረ።

ሮያል ኮርት ለእኛ ሙሉ በሙሉ እንግዳ ቤት አይደለም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1960 አካባቢ የትያትር ትምህርት የቀሰሙት እዚያ ነው። ጸሐፌ ተውኔቱ ጆን ኦዝቦርን እዚያው ቤት በ1956 የእንግሊዝን ጨዋ መድረክ በአንድ ንዴተኛ ወጣት ካመሰው አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ጸጋዬ አገር ቤት ተመልሰው የጻፏቸው ሥራዎች ከሳንሱር ጋር ስንት ጊዜ እንደተላተሙ ታሪኩን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሕጉ ከተሻረ በኋላ የመጣው ጉድ ግን ይጣፍጣል። በ1980 የእንግሊዙ ብሔራዊ ትያትር የሃዋርድ ብሬንተንን «ዘ ሮማንስ ኢን ብሪተን» አሳየ። የሮማ ወታደሮች አንድ የአገሬውን ወጣት ይደፍራሉ። ሜሪ ዋይትሃውስ የሚባሉ፣ በቴሌቪዥን ብልግና ላይ ዕድሜ ልካቸውን የዘመቱ ሴትዮ ተቆጡ። ትያትሩን አላዩትም። ግን ተቆጡ። የ1968ቱ ሕግ ትያትር ለመክሰስ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል፤ ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ እምቢ አሉ። ሴትዮዋ ሌላ ቀዳዳ ፈለጉ። በ1956 የወጣ፣ ሰዎችን በአደባባይ ለብልግና ማቃጠርን የሚከለክል የወሲብ ወንጀል ሕግ ነበረ። አዘጋጁን ማይክል ቦግዳኖቭን በዚያ ከሰሱት።

በ1982 ጉዳዩ ኦልድ ቤይሊ በተባለው ትልቁ የወንጀል ችሎት ቀረበ። ዋናው ምስክር ትያትሩን አይቶ እንዲመጣ የተላከ ሰው ነው። የተዋናዩን ብልት በዓይኔ አየሁ አለ። የተከላካይ ጠበቃው ጄረሚ ሃቺንሰን የት ነበር የተቀመጥከው አሉት። ኋላ፣ ከመድረኩ ሩቅ። ጠበቃው ተዋናዩ በእጁ ጨብጦ ያወጣው አውራ ጣቱን ቢሆንስ ብለው በራሳቸው አውራ ጣት ለችሎቱ አሳዩ። ምስክሩ እርግጠኛ መሆን አቃተው። ክሱ እዚያው ተልፈስፍሶ ቀረ። የእንግሊዝ የትያትር ነፃነት በአንድ አውራ ጣት ተረፈ ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ከዚህ ሁሉ ሳቅ ሥር ግን የጠፋ ነገር አለ። ብሬንተን ስለ ሮማ አልነበረም የጻፈው። በተውኔቱ ውስጥ የሮማ ጦር ወደ ብሪታንያ ጦር ይለወጣል፣ ቦታውም አየርላንድ ይሆናል። «ትናንት እናንተ ላይ የተደረገውን ዛሬ ሰው አገር ገብታችሁ ታደርጉታላችሁ» ነው የሚለው። በወቅቱ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ በየሳምንቱ ሰው ይሞታል። ችሎቱም ጋዜጣውም ስለ አውራ ጣት ሲከራከሩ ስለ አየርላንድ የተነሳው ጥያቄ እንደ ዘበት አለፈ።

ይሄው ነገር በ1995 ጥር ተደገመ፣ በባሰ ሁኔታ። ሳራ ኬን ያኔ 23 ዓመቷ ነው። «ብላስትድ» የተባለው የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዋ ሮያል ኮርት ፎቅ ላይ ባለችው ትንሽ ክፍል፣ መቶ ሰው እንኳን በማትይዘው፣ ታየ። የዴይሊ ሜይሉ ሃያሲ «አስጸያፊ የቆሻሻ ድግስ» ብሎ ጻፈ። ሌሎቹም ተከተሉ። ለሳምንት ያህል የአገሪቱ ወሬ ሆነ። ካየው ሰው የሰደበው ሰው ይበዛል።

እስቲ ተውኔቱን ጠጋ ብለን እንየው። ሊድስ ከተማ፣ ውድ ሆቴል ክፍል። ኢያን የተባለ በመካከለኛ ዕድሜ ያለ ጋዜጠኛ፣ ሳንባው ያለቀ፣ ሽጉጥ የያዘ፣ ዘረኛ። ከእሱ ጋር ኬት የምትባል፣ ስትጨነቅ የምትንተባተብና ራሷን የምትስት ወጣት ሴት አለች። ሌሊት ይደፍራታል። ከዚያ በር ይንኳኳል፣ መሣሪያ የታጠቀ ወታደር ይገባል። ወዲያው ሆቴሉ በሞርታር ይመታል። ከዚያ በኋላ ያለው ጦርነት ነው፦ ወታደሩ ኢያንን ይደፍረዋል፣ ዓይኖቹን ያወጣል፣ በመጨረሻም ኢያን በረሃብ የሞተ ሕፃን ይበላል። ሃያስያኑ የቆጠሩት ይህን ነው።

ያልቆጠሩት ይኸውና። መጀመሪያ አካባቢ ኢያን ስልክ ያነሳና ለጋዜጣው ዜና በቃል ያስጽፋል። ኒው ዚላንድ ውስጥ ስለተገደለች እንግሊዛዊት ልጅ ነው። ነጠላ ሰረዝ፣ አራት ነጥብ፣ አዲስ አንቀጽ እያለ ነው የሚያስጽፈው፣ በሞተ ድምፅ። ኋላ ላይ ወታደሩ ፍቅረኛው እንዴት እንደተገደለች ይነግረውና ጻፈው ይለዋል። አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ? ኢያን እምቢ ይላል። እኔ የዮርክሻየር ዘጋቢ ነኝ፣ የውጭ ጉዳይ አልሠራም፣ ይህን ማንም ማንበብ አይፈልግም ይላል።

ተውኔቱ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ኬን መጀመሪያ ላይ የምትጽፈው ሆቴል ክፍል ውስጥ ስላሉ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበር። በመሃል ቴሌቪዥን ስትከፍት በጦርነት ላይ የነበረችው የቦስኒያ ከተማ ስሬብሬኒካ ተከባለች፣ አንዲት አሮጊት እያለቀሱ የሚረዳን አጣን ይላሉ። እሷም ጦርነቱን ሊድስ ሆቴል ውስጥ አመጣችው። ጥያቄው ግልጽ ነው፦ የማን ሞት ነው ዜና የሚሆነው? እንግሊዛዊት ስትገደል ከነሥርዓተ ነጥቡ የሚያስጽፈው ሰው፣ ሌላዋ ስትገደል «የእኔ ክፍል አይደለም» ይላል። ይህን ለኢትዮጵያ አንባቢ ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም። የያኔዎቹን ሃያስያን የሚያናድደው ደግሞ የተከሰሰው የእነሱው ሙያ መሆኑ ነው። በተውኔቱ ውስጥ ጋዜጠኛው ዓይኑን ያጣል፣ ጋዜጠኞቹ ስለ ሕፃኑ ጻፉ።

መጨረሻው ላይ ኬት ደም እየፈሰሳት ትመለሳለች። በገላዋ ከፍላ ያመጣችውን ዳቦና ቋሊማ ትበላና ለዓይነ ስውሩ ኢያን ታጎርሰዋለች፣ ጂንም ታጠጣዋለች። እሱም አመሰግናለሁ ይላል። ያለቀው በዚህ ቃል ነው። ከሚያስጸይፈው ሁሉ በላይ እኔን ያስጨነቀኝ ይሄ ማጉረስ ነው፣ ይቅርታ ይሁን ምን ይሁን አይገባኝም። የደፈራትን ሰው ማጉረስ።

ከኬን በኋላ ጎርፉ መጣ። ማርክ ሬቨንሂል በ1996 ርዕሱ ፖስተር ላይ ሙሉ በሙሉ የማይጻፍ ተውኔት አሳየ። ምክንያቱ በ1889 የወጣ ነውረኛ ማስታወቂያ የሚከለክል ሕግ ነው፤ መድረኩ ላይ ማለት ይቻላል፣ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አይቻልም። ሃያሲው አሌክስ ሲርዝ ይህን ትውልድ ሰብስቦ በ2001 «ኢን ዩር ፌስ»፣ ያው ፊት ለፊት የሚያፈጥ፣ የሚል ስም ሰጠው። ስም ሲወጣለት ደግሞ ነገሩ ስታይል ሆነ። መርፌ፣ ትውከት፣ ጭካኔ። ብዙው ተረሳ፣ መረሳቱም አያሳዝንም። ኬን በ1999 በ28 ዓመቷ ራሷን አጥፍታ ሞተች። በ2001 «ብላስትድ» እዚያው ሮያል ኮርት፣ አሁን ግን ታች በዋናው አዳራሽ፣ ተመልሶ ታየ። የጋርዲያኑ ማይክል ቢሊንግተን በ1995 ካፌዙት አንዱ ነበር፤ በኋላ ተሳስቼ ነበር ብሎ በይፋ ጻፈ። በ2025 ደግሞ ከሞተች በኋላ የታየው «4.48 ሳይኮሲስ» ከ25 ዓመት በፊት በተጫወቱት በእነዚያው ሦስት ተዋንያን እንደገና ቀረበ። ያ ቆሻሻ ዛሬ ቅርስ ሆኗል።

እስካሁን ያልኳቸውን ልብ በሉ፦ ተሰደቡ፣ ተከሰሱ፣ ግን ታዩ። አሁን ወደማይታዩት።

በ2004 ታኅሣሥ ጉርፕሪት ካውር ባቲ የምትባል፣ ሲክ የተባለውን የሕንድ ሃይማኖት ከሚከተል ቤተሰብ የተወለደች እንግሊዛዊት፣ በርሚንግሃም ሬፕ በተባለው ትያትር ቤት «ቤህዝቲ» የሚል ተውኔት ነበራት። ጉርድዋራ ውስጥ፣ በሲኮች ቤተ መቅደስ ማለት ነው፣ የተከበረ ሰው ሴት ሲደፍርና ሲሸፈንለት ያሳያል። የማኅበረሰቡ መሪዎች ከትያትር ቤቱ ጋር አስቀድመው ተነጋግረው ነበር። የለመኑት አንድ ነገር ነው፦ ቦታውን ከቤተ መቅደስ ወደ ማኅበረሰብ አዳራሽ ቀይሩት። እሷ እምቢ አለች። ልክ ናት ባይ ነኝ። ምክንያቱም ክሱ ያለው ቦታው ላይ ነው፤ ሰው የሚያምነው ቦታ ውስጥ ተሸሸገ ነው የምትለው፣ አዳራሽ ውስጥ ብታደርገው ሌላ ታሪክ ይሆናል። የቅዳሜው ምሽት ወደ አራት መቶ ሰው ውጭ ተሰበሰበ። መስታወት ተሰበረ፣ ፖሊሶች ተጎዱ፣ በዋናው አዳራሽ የገና ትያትር ሊያዩ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ ቤተሰቦች በጥድፊያ ወጡ። ሰኞ ዕለት ትያትሩ ተሰረዘ። ጸሐፊዋ የግድያ ዛቻ ደርሷት ተደበቀች። በቀጣዩ ዓመት ያው ተውኔት ሱዛን ስሚዝ ብላክበርን የተባለውን ለሴት ጸሐፌ ተውኔቶች የሚሰጥ ትልቅ ሽልማት አገኘ።

የተቃዋሚዎቹ ሕመም ውሸት ነው አልልም። በጠላትነት በሚያይህ አገር ውስጥ ያለህ ክብር ያ ቤተ መቅደስ ብቻ ሲሆን፣ መድረክ ላይ ተዋርዶ ማየት ያማል። ስደተኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ያደገ ሰው «የቤታችንን ገመና ለፈረንጅ አታውጪ» የሚለውን ንግግር ያውቀዋል። ግን እኮ የተደፈረችዋም የዚያው ቤት ልጅ ናት።

ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ተለመደ። አሁን ትያትር የሚያስቀር ሹም የለም። መጀመሪያ ደብዳቤ ይመጣል፣ ከዚያ ሶሻል ሚዲያ ይቃጠላል፣ ቲኬት ቢሮ ያለችው ልጅ ስልክ ላይ ትሰደባለች። ሥራ አስኪያጁ ፖሊስ ያማክራል፣ ቦርዱ ይሰበሰባል፣ ስፖንሰር ይደውላል። በመጨረሻ «ለተመልካቾቻችንና ለሠራተኞቻችን ደኅንነት ስንል» የሚል አጭር መግለጫ ይወጣል። የከለከለ ሰው የለም፣ የተከለከለ ትያትር ግን አለ። ጸሐፊውን ማን ይጠይቀዋል? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ሁሉም ጉዳይ አንድ ዓይነት አይደለም። በ2014 ባርቢካን የተባለው የለንደን የጥበብ ማዕከል ሊያሳየው የነበረው «ኤግዚቢት ቢ» ጥቁር ተዋንያንን እንደ ድሮው የሰው መካነ አራዊት በሰንሰለትና በመደርደሪያ ያቆም ነበር፣ አውሮፓ ያደረገችውን ተመልከቺ ለማለት። አዘጋጁ ነጭ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። ከሃያ ሺህ በላይ ሰው ፈርሞ ተቃወመ፣ በመክፈቻው ምሽት በሩ ተዘጋ፣ ትያትሩም ቀረ። በክርክሩ እኔ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ፤ ጥቁር ሰውን ደግሞ አስሮ ማሳየት ውርደቱን ይነቅፋል ወይስ ይደግመዋል የሚለው ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን የታሰሩት ተብለው የሚታዘንላቸው ተዋንያን ራሳቸው እንሥራ፣ ፈቅደን ነው ብለው ነበር። እነሱን ማንም አልሰማም።

በ2024 ደግሞ ማንቸስተር ያለው ሆም የተባለ የጥበብ ማዕከል የጋዛ ጸሐፊዎች ሥራ የሚነበብበትን ምሽት በደኅንነት ሰበብ ሰረዘ። እዚያው ሕንፃ ውስጥ የሥዕል ትርኢት ነበረ። ከመቶ በላይ አርቲስቶች ሥራችንን ከግድግዳ አውርዱልን አሉ። ማዕከሉ ሐሳቡን ቀየረ፣ ምሽቱም ተካሄደ። ወደ ኋላ የተመለሰ ስረዛ ብርቅ ስለሆነ ነው የማነሳው።

ከሁሉም ጀርባ ገንዘብ አለ። አርትስ ካውንስል ኢንግላንድ የሕዝብ ድጎማ የሚያከፋፍለው ተቋም ነው። በ2022 ኅዳር ዶንማር፣ ሃምፕስቴድ እና ጌት የተባሉ የለንደን ትያትር ቤቶች መደበኛ ድጎማቸውን ሙሉ በሙሉ አጡ። ጌት ሳራ ኬን በ1996 ሁለተኛ ሥራዋን ራሷ ያዘጋጀችበት ቤት ነው። እንዲህ ያለች ትንሽ ቤት ናት ያልታወቀ ወጣትን አምና ቁልፏን የምትሰጠው። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ካውንስሉ ፖለቲካዊ መግለጫዎች የድጎማ ስምምነታችሁን ሊያናጉ ይችላሉ የሚል ማሳሰቢያ አወጣ። ጩኸት ተነሳ፣ አይደለም እንዲህ ማለታችን ነው ተባለ። ግን መልእክቱ ደርሷል። ዓመቱን ሙሉ በጀቱን እያሰበ የሚያድር ሥራ አስኪያጅ ሁለቴ እንዲነገረው አይጠብቅም።

ተመልካች ሳይገባ «የሚያስደነግጥ ትዕይንት አለበት» ተብሎ የሚነገረው የማስጠንቀቂያው ነገርስ? በ2024 ታዋቂው ተዋናይ ራልፍ ፋይንስ ቢቢሲ ላይ ቀርቦ ተመልካች ሊደነግጥ ይገባል፣ ማስጠንቀቂያ ይቅር አለ። ብዙ ሰው አጨበጨበለት። ለእኔ ትንሽ ጉዳይ ነው። «ዘ ይርስ» ትኬት ስትገዛ ጀምሮ አስጠንቅቋል፣ ሰው ግን ወድቋል። ማስጠንቀቂያ ትያትር ሲያስቀር አላየሁም። የሚያስቀረውን ከላይ ጻፍኩት፣ ስለዚያ ግን ኮከብ ተዋናይ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ሲቆጣ ብዙ አይታይም።

እንዲያው ተስፋ የለም እንዳይባል ሁለት ነገር ልጨምር። በ2024 የአሜሪካዊው ጄረሚ ኦ. ሃሪስ «ስሌቭ ፕሌይ» ለንደን ሲመጣ ሁለት ምሽቶች በዋናነት ለጥቁር ተመልካቾች ታሰቡ። ማንም በር ላይ አይመለስም ተብሏል። ሆኖም የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ሳይቀር ይከፋፍላል ብሎ ተቸ። ልብ አድርጉ፣ ባርያና ጌታ በሚል ጨዋታ ወሲብ የሚፈጸምበት ትያትር ነው፤ ጽሕፈት ቤቱን የረበሸው ግን ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ነው። ትያትር ቤቱ አላጠፈም፣ ምሽቶቹም ተካሄዱ። ሮያል ኮርት በበኩሉ ያንኑ ዓመት «ጃይንት» የተባለውን የማርክ ሮዘንብላትን ተውኔት አወጣ። በ1983 የልጆች ደራሲው ሮአልድ ዳል በአይሁዶች ላይ የተናገረውን ይዞ፣ ቤቱ ምሳ ላይ ቁጭ አድርጎ ያፋጥጠዋል። ጠብታ ደም የለም። ጆን ሊትጎው የሚያሳየን ዳል ያስቃል፣ ይማርካል፣ ስለ ሊባኖስ ሕፃናት ሲናገር ልብ ይነካል፤ ከዚያ በዚያው አፉ ጥላቻውን ይዘረግፈዋል። አብረኸው ስትስቅ ቆይተህ ነው የሚይዝህ። ለእኔ ፊት ለፊት ማፍጠጥ ማለት ይሄ ነው።

ከዚህ በላይ የራቀ ግን አንድ ምሽት አውቃለሁ፣ ባለቤቱም የእኛ ልጅ ነው። ስሙ ለምን ሲሳይ ነው። እናቱ ኢትዮጵያዊት ተማሪ ነበሩ፣ በ1967 እንግሊዝ ወለዱት። ዊጋን ከተማ ያለ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ኖርማን የሚል ስም ሰጠውና ለአሳዳጊ ቤተሰብ አስረከበው። በ12 ዓመቱ አሳዳጊዎቹ አስወጡት፣ ከዚያ ከአንድ የሕፃናት ማቆያ ወደ ሌላ። እናቱ ልጄን መልሱልኝ ብለው የጻፉት ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ነበር። ገጣሚ ሆነ፣ ታወቀ፣ ኋላም ማዘጋጃ ቤቱን ከሰሰ። ለክሱ የሥነ ልቦና ባለሙያ የደረሰበትን ጉዳት የሚገልጽ ሪፖርት ጻፈ። በ2017 ሚያዝያ መጨረሻ ሮያል ኮርት መድረክ ላይ ተዋናይት ጁሊ ሄዝመንድሃል ሪፖርቱን አነበበችው፣ እሱም ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው። ልምምድ የለም፣ ሚና የለም። አንድ መንግሥታዊ አካል አንድን ልጅ እንዴት እንደሰበረ የሚናገር ወረቀት፣ የተሰበረው ሰው፣ እና ግብር የሚከፍል ተመልካች። ሰው ሊሰድበው የሚችል አስጸያፊ ትዕይንት አልነበረውም። ክሱን ሸፍኖ የሚጮህለት ነገር ስላልነበረ ሰው ክሱን ራሱን ለመስማት ተገደደ።

አሁን ወደ ቢሊንግተን ልመልሳችሁ። ሃያሲው ሐሳቡን መቀየር የቻለው «ብላስትድ» ስለታየ ነው። በ1995 ሰደበው፣ በ2001 ደግሞ አየው፣ ተሳስቼ ነበር አለ። በ2015 ናሽናል ዩዝ ቲያትር የተባለው የወጣቶች ትያትር ድርጅት «ሆምግሮውን» የተባለ ሥራ ያዘጋጅ ነበር። በዚያው ዓመት ከምሥራቅ ለንደን ሦስት ተማሪ ልጃገረዶች አይሲስን ለመቀላቀል ወደ ሶርያ ሄደዋል፤ ኦማር ኤል ኻይሪ እና ናድያ ላቲፍ ወጣት ሙስሊሞች ስለዚህ ጉዳይ ምን እንደሚሉ የሚያሳይ ትልቅ ትርኢት ሠሩ። 112 ወጣቶች ይሳተፉበታል፣ ተመልካቹን ትምህርት ቤት ውስጥ ከክፍል ክፍል እያዘዋወሩ። ሊከፈት ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ተሰረዘ። የጥራት ጉዳይ ነው ተባለ። ጥራቱን ማን አየው? በ2017 ጽሑፉ በመጽሐፍ ታትሟል፣ ማንበብ ይቻላል። ግን የተጻፈው 112 ልጆች በየኮሪደሩ በአንዴ እንዲያወሩት ነው፣ እነሱም ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ሆነዋል።